በዕፅዋት ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችና የሚያመርቷቸው ፀረ-ተሕዋስያን ውህዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው ከባዮሎጂና ከፋርማሲ ተማሪዎች፣ ከግብርና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ከሚቆረቆሩ ሰዎች የሚነሱ ናቸው። ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዕፅዋት ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶች ሲባል ምን ማለት ነው?

በጤነኛ ተክል ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥር ወይም ፍሬ ውስጥ ገብተው፣ ቢያንስ ለተወሰነው የሕይወት ዘመናቸው ምንም የሚታይ በሽታ ሳያስከትሉ የሚኖሩ ፈንገሶች ናቸው። በሳይንሱ ዓለም ኢንዶፋይት በሚል ስም ይታወቃሉ። ከውጭ ሲታይ ቅጠሉ ለምለምና ንጹሕ ነው፤ በውስጡ ግን በህዋሶቹ መካከል እጅግ ቀጫጭን የፈንገስ ክሮች ይገኛሉ።

ከሁለት ሌሎች ቡድኖች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ማይኮራይዛ የሚባለው፣ በሥር ላይ ተጣብቆ ክሮቹን ወደ አፈር እየዘረጋ ፎስፈረስንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ለተክሉ የሚያቀርበው ቡድን ነው። ሁለተኛው እንደ ዋግ ያሉ፣ ተክሉን ወርረው የሚያሳምሙ ፈንገሶች ቡድን ነው። ኢንዶፋይቶች ከሁለቱም ይለያሉ፤ ይሁን እንጂ ድንበሩ ሁልጊዜ የጠራ አይደለም። ፉዛሪየም፣ ኮሌቶትሪከምና አልተርናሪያ በሚባሉት ወገኖች ውስጥ ያሉ ዝርያዎች በአንድ ተክል ውስጥ በሰላም ሲኖሩ፣ በሌላ ተክል ላይ ወይም ያው ተክል በድርቅና በእርጅና ሲዳከም በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ።

ሁሉም ተክል ውስጥ ይገኛሉ?

እስካሁን በተመረመሩት ዕፅዋት ውስጥ ሁሉ ተገኝተዋል ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ በአየር ከሚንሳፈፉ ዘሮቻቸው ተነሥተው ወደ ቅጠሉ ይገባሉ፤ ስለዚህ ገና የፈካ ለጋ ቅጠል ከሞላ ጎደል ባዶ ሲሆን፣ የቆየው ቅጠል ግን በብዙ ዝርያዎች የተሞላ ነው። ጥቂቶቹ፣ በተለይ በሣሮች ውስጥ የሚኖሩት፣ በተክሉ ዘር አማካይነት ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ።

ተክሉን ካላሳመሙት፣ ተሕዋስያንን የሚገድል ውህድ የሚያመርቱት ለምንድን ነው?

በቅጠል ውስጥ ያለው ቦታና ስኳር ውስን ነው። ብዙ የፈንገስና የባክቴሪያ ዝርያዎች በዚያች ጠባብ ስፍራ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ ባላንጣውን ከአጠገቡ የሚያርቅ ኬሚካል ማምረት የሚችለው ፈንገስ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ተክሉም በበኩሉ ዝም ብሎ የሚቀበል አይደለም፤ ፈንገሱ ከልክ በላይ እንዳይስፋፋ የራሱን የመከላከያ ውህዶች ያመነጫል። ባርባራ ሹልዝና ክሪስቲን ቦይል የተባሉት ተመራማሪዎች ይህን ግንኙነት የተመጣጠነ ባላንጣነት ሲሉ ገልጸውታል፤ በእኔ እምነት በዚህ ዘርፍ ከቀረቡት ማብራሪያዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ፈንገሱን የተክሉ አገልጋይ አድርጎ ከመሳል ይልቅ ሁለቱም የየራሳቸውን ጥቅም እያስጠበቁ አብረው የሚዘልቁ መሆናቸውን ያሳያል።

ተክሉ ከዚህ አኗኗር የሚያገኘው ጥቅም በሙከራ የተረጋገጠባቸው ሁኔታዎችም አሉ። በ2003 ኤልዛቤት አርኖልድና ባልደረቦቿ በፓናማ ባደረጉት ጥናት፣ ኢንዶፋይቶች እንዲገቡባቸው የተደረጉ የካካዎ ችግኝ ቅጠሎች ፋይቶፍቶራ በተባለው በሽታ አምጪ ሲጠቁ የደረሰባቸው ጉዳት ፈንገሶቹ ከሌሉባቸው ቅጠሎች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ጥበቃ በኬሚካል ብቻ የመጣ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ቦታን ቀድሞ መያዝና የተክሉን መከላከያ ማንቃትም የየራሳቸው ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል።

በእርግጥ ከእነዚህ ፈንገሶች ተነሥቶ ለሕመምተኛ የደረሰ መድኃኒት አለ?

አዎን፣ አለ። ጉዳዩ በሚገባ ሊታወቅ የሚገባው በመሆኑ በዝርዝር ማየቱ ይጠቅማል።

የሐበሻ ጥድ ወገን የሆነ፣ በአውሮፓና በሌሎች የሰሜን አገሮች የሚበቅል ጁኒፐረስ ኮሙኒስ የተባለ የጥድ ዝርያ አለ። በስፔን ይሠሩ የነበሩ የመርክ መድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች ከዚህ ጥድ ሕይወት ካላቸው ቅጠሎች ውስጥ ሆርሞኔማ ከሚባለው ወገን የሆነ ፈንገስ ለይተው አወጡ። ይህ ፈንገስ ኢንፉማፈንጂን የተባለ፣ ትራይተርፒን ከሚባለው የኬሚካል ቡድን የሆነ፣ ከስኳር ጋር የተያያዘ ውህድ እንደሚያመርት በ2000 ይፋ ሆነ። ውህዱ ሌሎች ፈንገሶች የህዋስ ግድግዳቸውን የሚገነቡበትን ቤታ ግሉካን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራውን ኢንዛይም ይገታል። ግድግዳውን መሥራት ያቃተው ፈንገስ ደግሞ ቅርጹ ይበላሻል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል።

ይህ የአሠራር መንገድ ለምን ትልቅ ዋጋ እንዳለው ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ፈንገሶች በዝግመተ ለውጥ ዝምድናቸው ከዕፅዋትም ከባክቴሪያም ይልቅ ለእንስሳት፣ ስለዚህም ለሰው ይቀርባሉ። በህዋሳቸው ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ፈንገስን የሚጎዳ ውህድ አብዛኛውን ጊዜ ሰውንም ይጎዳል። የቤታ ግሉካን ግድግዳ ግን በሰው ህዋስ ላይ ከቶ የለም። ስለዚህ ይህን ግድግዳ የሚያጠቃ ውህድ ጠላትን ከወዳጅ የሚለይበት ዕድል ሰፊ ነው።

ኢንፉማፈንጂን እንደተገኘ በቀጥታ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም። ኬሚስቶች የሞለኪዩሉን አንዳንድ ክፍሎች እየለወጡ በአፍ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባ፣ በሰውነት ውስጥም በቂ ጊዜ የሚቆይ ተዋጽኦ እስኪያገኙ ድረስ ለዓመታት ደከሙ። ውጤቱ አይብሬክሳፈንገርፕ የተባለው መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በካንዲዳ ፈንገስ ለሚመጣ የሴት ብልት ሕመም ሕክምና እንዲውል በሰኔ 2021 ፈቀደው። የሚሰጠውም በአንድ ቀን ብቻ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 300 ሚሊግራም ነው። በፅንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴቶች እንዲወስዱት አይፈቀድም። በ2023 ደግሞ በምርት ሂደቱ ላይ ከሌላ ውህድ ጋር የመነካካት ስጋት በመፈጠሩ አምራቹ መድኃኒቱን ከገበያ ሰብስቧል፤ ይህ ግን የምርት ሂደት ችግር እንጂ የውህዱ ጉድለት አይደለም።

ካስፖፈንጂን የተባለው ተመሳሳይ ኢንዛይም የሚገታ መድኃኒት በ2001 ከተፈቀደ ወዲህ አዲስ ዓይነት ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት ለሕመምተኛ ሲደርስ አይብሬክሳፈንገርፕ የመጀመሪያው ነበር። ካስፖፈንጂንም መነሻው ፈንገስ ቢሆንም በደም ሥር ብቻ ስለሚሰጥ ሕመምተኛው በሐኪም ቤት መገኘት ይኖርበታል። ከጥዱ ቅጠል የተገኘው ውህድ ተዋጽኦ ግን የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ኢንዛይሙን የሚይዝበት ቦታም ከካስፖፈንጂን ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም፣ ካስፖፈንጂንን በተላመዱ አንዳንድ የካንዲዳ ዝርያዎች ላይም ይሠራል።

ሌሎችስ አሉ?

ግሪሲዮፈልቪን የሚታወቅ ምሳሌ ነው። በሕፃናት ራስ ላይ የሚወጣውን ጭርት ለማከም ለበርካታ አሥርት ዓመታት አገልግሏል። መጀመሪያ የተገኘው በ1939 ከፔኒሲሊየም ፈንገስ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን በኮሪያ ከሚበቅል አቢየስ ከተባለ ዛፍ ውስጥ የወጣ ዛይላሪያ የተባለ ኢንዶፋይትም ይህንኑ ውህድ እንደሚያመርት ታወቀ። ክሪፕቶካንዲን የተባለው ፀረ-ፈንገስ ውህድም ከቻይና የመድኃኒት ተክል ውስጥ ከወጣ ኢንዶፋይት ተገኝቶ በ1999 ይፋ ሆኗል፤ ይህ ግን እስካሁን መድኃኒት ለመሆን አልበቃም። በመጽሔቶች ከሚወጡት በርካታ ውህዶች ውስጥ አብዛኞቹ ዕጣ ፈንታቸው ይኸው ነው።

ፔኒሲሊን በዚህ ዝርዝር ውስጥ እንደማይገባ ልብ ይበሉ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ያየው ፈንገስ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በአጋጣሚ የበቀለ ሻጋታ እንጂ ከተክል ውስጥ የወጣ አልነበረም።

አዳዲስ ውህዶችን መፈለግ አሁን ለምን አስቸኳይ ሆነ?

ጀርሞች መድኃኒትን እየተላመዱ ስለሆነ ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት እንዳመለከተው፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒትን በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት ሕይወታቸውን አጥተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥቅምት 2022 ቅድሚያ ትኩረት ይሻሉ ያላቸውን 19 በሽታ አምጪ ፈንገሶች ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርዝሯል፤ ከእነዚህም መካከል ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደው ካንዲዳ ኦሪስ አሳሳቢ በተባለው የመጀመሪያ እርከን ላይ ይገኛል።

ፈንገሱ ከቅጠል ውስጥ የሚወጣው እንዴት ነው?

ሥራው ውስብስብ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄን ግን አብዝቶ ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት ከቅጠሉ ውስጥ የወጣው ፈንገስ በእርግጥ ውስጡ የነበረው መሆኑን፣ ከላይ በአቧራ የተለጠፈ አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ከጤነኛ ተክል የተቆረጠው ቅጠል በቶሎ፣ ቢቻል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። በቧንቧ ውኃ ከታጠበ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ለአጭር ጊዜ፣ ቀጥሎም በተበጠበጠ በረኪና ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል፤ በመጨረሻም ተሕዋስያን በሌሉበት ውኃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። የጊዜው ርዝመት እንደ ቅጠሉ ውፍረት ይለያያል። ለጥድ ጠንካራ ቅጠል የሚስማማው ጊዜ ለዳማከሴ ስስ ቅጠል ቢውል ውስጥ ያሉትን ፈንገሶች ጭምር ይገድላል። የላይኛው ገጽ በትክክል መጽዳቱን ለማረጋገጥ የተለቀለቀው ቅጠል አጋር በተባለው፣ ተሕዋስያን በሚበቅሉበት የረጋ ምግብ ላይ በቀስታ ተጭኖ ይነሣል፤ የመጨረሻው መለቅለቂያ ውኃም በሌላ ሳህን ላይ ይፈስሳል። በእነዚህ ሳህኖች ላይ አንዳች ነገር ከበቀለ የማጽዳቱ ሥራ አልተሳካም፤ ከዚያ ቅጠል የወጣውም ሁሉ መጣል ይኖርበታል። ይህን ማረጋገጫ የዘለሉ ጥናቶች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ውጤታቸውን ለመቀበልም እቸገራለሁ።

ከዚያ ቅጠሉ ተቆራርጦ ከድንችና ከስኳር በተዘጋጀ አጋር ላይ ይቀመጣል፤ ባክቴሪያ እንዳይበቅልም አንቲባዮቲክ ይጨመርበታል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆይ ከተቆረጠው ጠርዝ የፈንገስ ክሮች ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ፈጣኖቹ በሦስትና በአራት ቀን ይታያሉ፤ ዘገምተኞቹ ግን ሳምንታት ይወስዳሉ፤ ትዕግሥት ያጣ ተመራማሪ የሚሰበስበው በሁሉም ተክል ውስጥ የሚገኙትን የተለመዱ ዝርያዎች ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፈንገስ ለብቻው እንዲያድግ ወደ ሌላ ሳህን ከተዛወረ በኋላ፣ ማንነቱ በቅርጹና አይቲኤስ በተባለው የዘረመል ክፍል ቅደም ተከተል ይለያል። በአጋር ላይ የማይበቅሉ ዝርያዎችም አሉ፤ እነዚህ መኖራቸው የሚታወቀው ከቅጠሉ በቀጥታ በሚወጣ ዲኤንኤ ብቻ ነው።

በሳህን ላይ ባክቴሪያን ከገደለ መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው?

አይደለም። በዚህ ዘርፍ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ በጥብቅ ሊመለስ የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ የዜና ማሰራጫዎችም፣ አንዳንዴም ተመራማሪዎች ራሳቸው፣ የመጀመሪያውን ምልክት የመጨረሻ ውጤት አድርገው ሲያቀርቡ ተስፋ ያደረጉ ሕሙማንን ያሳዝናሉ።

የተለመደው ሙከራ እንዲህ ነው። ፈንገሱ በፈሳሽ ምግብ ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ያድጋል፤ ፈሳሹ ተጣርቶ እንደ ኢታይል አሲቴት ባለ ማሟሚያ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ስታፊሎኮከስ ወይም ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ በትንሽ ክብ ወረቀት ይቀመጣል። በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ከታየ ጭማቂው አንዳች ነገር ይዟል። ነገር ግን የክቡ ስፋት የውህዱን ጥንካሬ ብቻ አይለካም፤ ውህዱ በአጋሩ ውስጥ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰራጭም ይወስነዋል። ትልቅ ሞለኪዩል በጣም ጠንካራ ሆኖ ሳለ ጠባብ ክብ ሊያሳይ፣ ደካማ ግን በቀላሉ የሚሰራጭ ውህድ ደግሞ ሰፊ ክብ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት የተህዋሱን ዕድገት ለመግታት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን በሚሊ ሊትር በማይክሮግራም መለካት አለበት።

ጭማቂ ደግሞ ውህድ አይደለም፤ በውስጡ ብዙ ነገር ተደባልቆ ይገኛል። ንቁው ክፍል ክሮማቶግራፊ በተባለ የመለያ ዘዴ እየተለየ፣ በየደረጃው እየተፈተነ፣ በመጨረሻም የሞለኪዩሉ ቅርጽ ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስና ማስ ስፔክትሮሜትሪ በተባሉ የመመርመሪያ ዘዴዎች መታወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዓመታት በፊት የታወቀ ውህድ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ቤተ ሙከራዎች ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳሉ ውጤታቸውን ከታወቁ ውህዶች መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ፤ ይህን የሚያደርጉትም ድካማቸው ቀድሞ በተገኘ ነገር ላይ እንዳይባክን ነው።

አዲስ ሆኖ ከተገኘም በኋላ ዋናው ፈተና ገና አልተነካም። ባክቴሪያን የሚገድለው ውህድ የሰውንም ህዋስ የሚገድል ከሆነ ዋጋ የለውም። ከኢንዶፋይቶች በተደጋጋሚ የሚወጡት ሳይቶካላሲን የተባሉ ውህዶች ለዚህ ምስክር ናቸው፤ በሳህን ላይ ንቁ ቢሆኑም የሰውን ህዋስ ውስጣዊ አውታር ስለሚያፈርሱ ለሕክምና አልበቁም። ሌላው መሰናክል ባክቴሪያዎቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። ስታፊሎኮከስን የሚገድል ውህድ ማግኘት ይቀላል፤ እንደ ሱዶሞናስ ያሉት ግን ተጨማሪ የውጭ ሽፋንና የገባውን መልሶ የሚያስወጣ ፓምፕ ስላላቸው አብዛኞቹ የፈንገስ ውህዶች አይደርሱባቸውም። አንድ ጽሑፍ በስታፊሎኮከስ ላይ ብቻ የተገኘን ውጤት ይዞ ሰፊ ተስፋ ሲሰጥ ካዩ፣ በሌሎቹ ላይ ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ተክሉ የሚሠራውን መድኃኒት ፈንገሱ ሊሠራ ይችላል የሚባለው እውነት ነው?

ጥያቄው የሚነሣው ከታክሶል ታሪክ ነው። ታክሶል ለካንሰር ሕክምና የሚውል ከመሆኑም በላይ ኡማይሴት የተባሉ የዕፅዋት በሽታ አምጪዎችን የሚገታ ውህድ ሲሆን፣ የተገኘው ከፓስፊክ ዩው ዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ በዝግታ ስለሚያድግና ቅርፊቱ ሲላጥ ስለሚሞት አቅርቦቱ አስጊ ነበር። በ1993 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ይሠሩ የነበሩት አንድሪያ ስቲርል፣ ጋሪ ስትሮቤልና ዶናልድ ስቲርል ከዚያው ዛፍ ውስጥ ያወጡት ፈንገስ ራሱ ታክሶል እንደሚያመርት በሳይንስ መጽሔት ላይ አስታወቁ። ዜናው ኢንዶፋይቶችን ከአንድ ጠባብ ዘርፍ አውጥቶ ለዓለም አሳወቀ።

የተገኘው መጠን ግን በአንድ ሊትር ውስጥ በናኖግራም የሚለካ እጅግ አነስተኛ ነበር። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በመረመራቸው ኢንዶፋይቶች ውስጥ ታክሶልን ራሳቸውን ችለው እንደሚያመርቱ የሚያሳይ የዘረመል ማስረጃ አላገኘም። ክርክሩ ባይዘጋም ዛሬ ታክሶል የሚመረተው በፈንገስ ሳይሆን በዋነኛነት ከዩው ዛፍ ህዋሶች እርባታና ከቅጠሉ በሚገኝ መነሻ ውህድ ነው። ከዚህ የምወስደው ግንዛቤ፣ ኢንዶፋይት የአስተናጋጁን ተክል ውህድ ይሠራል የሚል አስተያየት የፈንገሱ የራሱ ጂኖች ተለይተው እስካልታዩ ድረስ እንደ መላ ምት ብቻ ሊያዝ ይገባል የሚል ነው።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ፈንገሱ ውህዱን ማምረት የሚያቆመው ለምንድን ነው?

ከአስተናጋጁ ተክልና ከባላንጣዎቹ ስለተለየ ነው። የፈንገሶች ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘረመል መረጃቸው፣ ሲነበብ ውህድ ለማምረት የሚያስችሉ በርካታ የጂን ስብስቦች ይታያሉ፤ በተለመደው የሳህን ምግብ ላይ ግን አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ጠላት በሌለበት መሣሪያ ማምረት ለፈንገሱ ኪሳራ ነው። በየጊዜው ወደ አዲስ ሳህን ሲዛወር ደግሞ ቀድሞ ያመርት የነበረውን እንኳ እየቀነሰ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ዝም ያሉትን ጂኖች ለማንቃት የምግቡን ዓይነት፣ ሙቀቱንና ጨውነቱን ይለዋውጣሉ፤ ፈንገሱን ከባክቴሪያ ጋር በአንድ ሳህን ያሳድጋሉ፤ አንዳንዴም የአስተናጋጁን ቅጠል ጭማቂ ይጨምሩበታል። ገና እንደወጣ የመጀመሪያውን ናሙና በከፍተኛ ቅዝቃዜ ወይም በግሊሰሪን ውስጥ ማስቀመጥም ግድ ነው፤ ያለዚያ ከዓመት በኋላ ተመልሶ የሚፈተነው ፈንገስ የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል።

ለግብርና የሚሰጡት ጥቅም አለ?

አለ፤ ወደ ተግባር የሚያደርሰው መንገድም ከሰው መድኃኒት ያጠረ ነው። ሙስኮዶር አልበስ የተባለው ፈንገስ በሆንዱራስ ከሚገኝ የቀረፋ ዛፍ ውስጥ የወጣ ሲሆን፣ ሌሎች ፈንገሶችንና ባክቴሪያዎችን የሚገድለው ሳይነካቸው፣ በሚለቃቸው ተናኝ ውህዶች ድብልቅ ነው። ከድብልቁ አንድ በአንድ የተለዩት ክፍሎች ብቻቸውን ሲሞከሩ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ አብረው ሲሆኑ ግን ይገድላሉ። የተሰበሰበ ፍራፍሬን ከብስባሴ ለመጠበቅና አፈርን ለማጽዳት እንዲውል ተሞክሯል፤ በአሜሪካም እንደ ተፈጥሯዊ ፀረ-ተባይ ተመዝግቦ ነበር።

ጉዳትስ አያስከትሉም?

አንዳንዶቹ ያስከትላሉ። ኤፒክሎዬ የተባለው የሣር ኢንዶፋይት ሣሩን ከነፍሳት የሚጠብቁ አልካሎይድ የተባሉ ውህዶችን ያመርታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ኤርጎቫሊን ግን ሣሩን የሚግጡትን ከብቶች የደም ሥር ያጠብባል፤ ወተታቸውንና ክብደታቸውን ይቀንሳል። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የታየው የከብቶች ሕመም መንስኤ በ1977 ከዚህ ፈንገስ ጋር የተያያዘው በዚህ መንገድ ነው። ከቡና ተክል ውስጥ ከወጡ የፔኒሲሊየም ዝርያዎች መካከልም ኦክራቶክሲን የተባለውን ለኩላሊት ጎጂ መርዝ የሚያመርቱ ተገኝተዋል።

ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ሌሎች የባህል መድኃኒቶች የሚፈውሱት በውስጣቸው ባለው ፈንገስ ነው?

እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም። ዳማከሴን ጨምቀው ለምች የሚጠጡና የሚቀቡ ሰዎች የሚያገኙት በዋነኛነት ቅጠሉ ራሱ የሚያመርታቸውን ጠረናማ ዘይቶችና ሌሎች ውህዶች ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው የፈንገስ ብዛት ከቅጠሉ ክብደት አንጻር እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ የሚያመርተው ውህድ በአንድ ሲኒ ጭማቂ ውስጥ ለሕክምና የሚበቃ መጠን መድረሱ አጠራጣሪ ነው። የባህል ዕውቀት ለዚህ ሳይንስ የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፤ ከሺህዎቹ ዕፅዋት ውስጥ የትኞቹን አስቀድሞ መመርመር እንደሚሻል ይጠቁማል። ፈንገሱን በቤት ውስጥ አሳድጎ መጠጣት ወይም ቁስል ላይ ማድረግ ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ ከላይ የተጠቀሱት መርዞች በዓይን አይለዩም።

በኢትዮጵያ ዕፅዋት ላይ የሚሠራ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

የሐበሻ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ያለባቸው የደጋ ደኖች በሰሜንና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በአብዛኛው ተመንጥረው፣ ዛሬ በብዙ ቦታ የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ ነው። ከስፔኑ ጥድ የተገኘው ውህድ ያስተማረን ነገር ቢኖር፣ የአንድ ወገን ሁለት ዝርያዎች የተለያዩ ፈንገሶችን ሊያስተናግዱ እንደሚችሉ፣ ስለዚህም የሐበሻው ጥድ በራሱ መጠናት እንዳለበት ነው። ዛፉ ሲጠፋ በውስጡ ብቻ የሚኖረው ፈንገስ አብሮ ይጠፋል፤ ያ ደግሞ በዘር ባንክ የሚተካ አይደለም፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ በተክሉ ዘር አይተላለፉም።

በሕግ በኩል፣ የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርካቦትን፣ ማለትም እነዚህን የማግኘትና የመጠቀም ሁኔታን፣ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ረቂቅ ተሕዋስያንንም ይመለከታል። ስለዚህ ቅጠል ይዞ ከአገር መውጣት ብቻ ሳይሆን ከቅጠሉ የወጣውን ፈንገስ ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ መላክም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በ2014 በሥራ ላይ የዋለው የናጎያ ፕሮቶኮል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከዚህ ሀብት የሚገኝ ጥቅም ከባለቤቱ አገርና ማኅበረሰብ ጋር እንዲካፈል ያስገድዳል። በኔዘርላንድስ በጤፍ ላይ የተሰጠው ፓተንት በፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው በ2018፣ ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ ነበር። ስምምነቱ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት በጽሑፍ ቢሰፍር እንዲህ ያለው ድካም ይቀራል፤ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩና የሚመራመሩ ወገኖቻችንም በበጎ ፈቃድ ናሙና ይዘው ከመሄዳቸው በፊት ይህን እንዲያስቡ እለምናለሁ።

በዚህ ርዕስ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ለመሥራት አስቤአለሁ፤ ከምን ልጀምር?

ከአንድ ተክልና ከአንድ ጥያቄ ይጀምሩ። አሥር ዕፅዋት ሰብስቦ ከእያንዳንዱ ጥቂት ፈንገስ ማውጣት ሰፊ ቢመስልም፣ ናሙናው ስለሚያንስ ስለ የትኛውም ተክል የሚነግረን ነገር የለም። የቅጠሉን ዕድሜ፣ የተቆረጠበትን ወቅትና የከፍታውን መጠን ይመዝግቡ፤ በክረምትና በበጋ የሚወጡት ፈንገሶች አንድ አይደሉምና። ተክሉን የለየው ባለሙያ ማንነትና የደረቀው ናሙና የተቀመጠበት ዕፀ-ቤት ይታወቅ። ቤተ ሙከራዎ የሞለኪዩል ቅርጽ የሚለይ መሣሪያ ባይኖረው እንኳ፣ በትክክል የተለዩ፣ በዲኤንኤ የታወቁና በቅዝቃዜ የተጠበቁ ፈንገሶችን በአንድ ተቋም ስብስብ ውስጥ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ አስተዋጽኦ ነው። የኢንፉማፈንጂን ግኝት ይፋ ከሆነ በኋላ መድኃኒቱ እስኪፈቀድ 21 ዓመት ወስዷል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሥራው ሊቀጥል የቻለው የመጀመሪያው ፈንገስ በሕይወት ተጠብቆ ስለነበር ነው።